የመረዛችሁ ጠዋት የበላችሁት ላይሆን ይችላል

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስሠራ እንደዚህ የሰለቸኝ አባባል የለም፦ «ቅድም የበላሁት ነው የመረዘኝ!» የታመመ ሁሉ የመጨረሻውን ገበታ ይወነጅላል፤ ከዚያ በፊት የበላው ነገር ትዝ አይለውም።

በሰዓታት ውስጥ የሚያስመልስ አለ፤ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ምግብ ላይ የሚተወው መርዝ ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጥላል። ሌሎቹ ባክቴሪያዎች፣ ሳልሞኔላ ግን ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን፣ ካምፓይሎባክተር ከ2 እስከ 5 ቀን ሳያሳምሙ ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ የምጠይቀው ስለ ዛሬ ቁርስ ብቻ አይደለም።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ የአንድ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች ቁርጠትና ተቅማጥ ይዟቸው ተከታትለው መጡ። ትኩሳት የለም፣ ትውከትም እምብዛም። አብዛኞቹ በር ላይ እርጎ የምትሸጠውን ሴት ይረግማሉ። «እትዬ፣ ትናንት ማታስ ምን በሉ?» ስል ነገሩ ተገለጠ፦ ሁሉም ተዝካር ላይ ነበሩ። ወጡ ቅዳሜ ማታ በትልቅ ብረት ድስት ተሠርቶ፣ ድንኳን ውስጥ አድሮና ውሎ፣ እሁድ ማታ ለብ ተደርጎ ቀርቧል። ከታመሙት ውስጥ እርጎውን ጭራሽ ያልቀመሱ ነበሩ! ሰዓቱም ምልክቱም ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ዘሩ ከእሳት ይተርፍና ብዙ ሥጋ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ይራባል፣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥም ያማል። በምርመራ ግን ማረጋገጥ አልቻልንም፤ የተረፈው ወጥ ተደፍቶ ነበር። የሴትዮዋ ገበያ ግን በከንቱ ተበላሸ።

«ሽታው ደህና ነው» ማለት ዋስትና አይሆንም። «እንደገና ከፈላ ችግር የለውም» የሚሉም ተሳስተዋል፤ የስታፊሎኮከስ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ሌሊት በድንገት የጀመረ ትውከት ታይፎይድ ነው ብላችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ ታይፎይድ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ በትኩሳት ነው የሚጀምረው። አረቄ ተህዋሱን አይገድልም፤ ሰውነትን ያደርቃል።

«ፈሳሽ ያብስበታል» ብሎ ልጅን ውሃ መከልከል ግን ያስቆጣኛል። የሚገድለው የፈሳሹ ማለቅ ነው። አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ (ያለቀውን ፈሳሽ የሚተካ የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ በትንሽ በትንሹ ስጡ፣ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀረ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት።

ብዙ ሰው ዝም የሚለው ማሳወቅ ጎረቤትን መክሰስ ስለሚመስለው ነው፤ «ለቅሶ ቤት እንዴት ስም አጠፋለሁ?» ይላሉ። እኛ የምንፈልገው ምግቡን ነው፣ ሌላ ሰው ሳይታመም። አብረው የበሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ከታመሙ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለጤና ጣቢያው ንገሩ፤ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር 8335 መደወልም ይቻላል። ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ምግብ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥር 8482 ነው፤ ማሸጊያውን አትጣሉ። የተረፈውን ምግብ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ፣ ማንም አይቅመሰው። ያለፉትን ሦስት ቀናት ምግብና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ። አብረዋችሁ በልተው ያልታመሙትንም ንገሩን፤ እነርሱ ያልነኩት ሳህን የቱ እንደሆነ ማወቅ አለብን።