«ኤን95» ሲባል 95ቱ ምንድን ነው?

«ኤን95» ብናኝን የሚያጣራ የአፍና የአፍንጫ ጭንብል ነው። በአሜሪካ መስፈርት «ኤን» የሚለው ፊደል ማጣሪያው የዘይት ብናኝን እንደማይቋቋም ሲያመለክት፣ 95 ደግሞ ለማጣራት አስቸጋሪ ከሆኑት፣ 0.3 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት ካላቸው ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን እንደሚይዝ ይገልጻል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ማጣሪያው እንጂ ስለ ለባሹ አይደለም፤ ጭንብሉ ከጉንጭና ከአፍንጫ ጋር በሚገባ ካልገጠመ (ጢም ዋነኛው እንቅፋት ነው) አየሩ ቀላሉን መንገድ መርጦ በክፍተቱ ይገባል።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግን በአንዳንዶቹ ጭንብሎች ላይ ያለው ቫልቭ (የአየር መውጫ ክዳን) ነው። አየር ስናስወጣ ተከፍቶ ሙቀትና እርጥበትን ስለሚያወጣ መተንፈስን ያቀልላል፣ ስንስብ ደግሞ ይዘጋል፤ ስለዚህ የለባሹን ጥበቃ አይቀንስም። የሚወጣው ትንፋሽ ግን በማጣሪያው ሳያልፍ በቫልቩ ስለሚወጣ፣ ንጽሕናው ተጠብቆ መቆየት ባለበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለው ጭንብል አይመከርም።