«ኪራይ የት ይረክሳል?» እና ሌሎች ከደሴ ተይዘው የሚሄዱ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ቅጽ እየሞላሁ፣ ሰነድ እያስተረጎምኩ ነው የምኖረው። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ቪዛ የተመታለት ሰው ትኬት ሳይቆርጥ እኔ ዘንድ ብቅ ይላል። ከሐይቅ ይምጣ፣ ከመርሳ ይምጣ፣ ከከሚሴ ይምጣ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ኪራይ የት ይረክሳል?» ቦታ ሸጦ፣ ከወንድም ከእህት ተበድሮ የያዛት ዶላር ጥቂት ናትና አልፈርድበትም። ግን ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው። ጠማማ ነው ስለው ደግሞ «አንተማ ኖረህ ጠግበህ መጣህ» ይለኛል። ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና የሚመጣውን ሁሉ «በቅድሚያ ይቺን አንብብ» ልበል።

ጥቃቅኖቹን ላስቀድም።

«ፎርሙ ላይ በሞላሁት አድራሻ የመኖር ግዴታ አለብኝ።» የለብህም። ያ አድራሻ ግሪን ካርዱ በፖስታ የሚላክበት ነው። ቋሚ ነዋሪ በፈለገው ስቴት መኖር ይችላል፤ ቤት ሲቀይር ግን በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት።

«ከዚሁ ሆኜ በኢንተርኔት ቤት ልያዝ።» ያላየኸው፣ የምታምነው ሰውም ገብቶ ያላየልህ ቤት ላይ አንድ ዶላር አትላክ። ፎቶው ከሌላ ማስታወቂያ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉን ለመውሰድ ስትደርስ ሌላ ሰው ይኖርበታል።

«የደሴ ልጅ ብርድ ለምዷል፣ ሚኒሶታ ይሂድ፤ የባቲ ልጅ ቴክሳስ ይሻለዋል።» ይህን የሚሉት የጦሳ ተራራን ብርድ ብርድ ያሉ ናቸው። የሚኒሶታ ጥር የደሴን ሰውም የባቲን ሰውም እኩል ነው የሚያስተምረው። ቤት ውስጥ ግን ብርድ የለም፤ የስቴቱ ሕግ አከራዩ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱን ቢያንስ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲያሞቅ ያዛል። መጠየቅ ያለበት የማሞቂያው ሒሳብ ኪራዩ ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻው ነው የሚመጣው የሚለው ነው። ቴክሳስም ቢሆን በጋ ላይ ለማቀዝቀዣው የሚመጣው የመብራት ሒሳብ ቀላል አይደለም።

«ታክስ የሌለበት ስቴት ይሻላል።» ቴክሳስ፣ ኔቫዳ፣ ፍሎሪዳና ዋሽንግተን ስቴት ከደመወዝ የስቴት ታክስ አይቆርጡም፣ እውነት ነው። የፌዴራሉ ግን የትም አይቀርም። በዓመት 35 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ላጤ ቨርጂኒያ ላይ የሚከፍለው የስቴት ታክስ በወር ሲሰላ 100 ዶላር ገደማ ነው። ለ100 ዶላር ብሎ አገር የሚመርጥ ሰው ካለ ምርጫው የራሱ ነው። ቴክሳስ ደግሞ የንብረት ታክሱ ከፍተኛ ነው፤ አከራዩ ከኪሱ የሚከፍለው የሚመስለው ካለ አከራይ አያውቅም ማለት ነው።

«መንግሥት ቤት ይሰጣል።» ይህን ያመጡት በስደተኛ ፕሮግራም የገቡትን ያዩ ሰዎች ናቸው። ለእነዚያ የመጀመሪያውን ቤት የሚያዘጋጅ ድርጅት ነበራቸው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የሄደ ሰው ኤርፖርት የሚጠብቀው ዘመዱ ብቻ ነው። ሴክሽን ኤይት የሚባለው የኪራይ ድጎማ አለ፤ ትላልቅ ከተሞች ውስጥ ግን ተራው ዓመታት ይፈጃል፣ ብዙ ቦታም ምዝገባው ዝግ ነው። ተራ ያዝ፣ ክፋት የለውም። ቆጥረህበት ግን አትሂድ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ኪራይ የሚረክስበት ሂድ» የሚለውን ምክር ማን እንደጀመረው ባውቅ ሄጄ እጠይቀው ነበር። ኪራይ ለብቻው ዋጋ አይደለም። ከቤት እስከ ሥራ ያለው መንገድ ሲደመርበት ነው ዋጋ የሚሆነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ሐይቅ ላይ ቤት ረከሰ ብላ እዚያ ትከራያለች? በየቀኑ ደሴን አቋርጣ፣ ሐረጎን ወርዳ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ተመልሳ? እዚህ ይህን ሒሳብ ማንም አይስተውም። አውሮፕላን ሲሳፈሩ ነው የሚጠፋባቸው።

አሜሪካ ውስጥ ከጥቂት ከተሞች በስተቀር ያለ መኪና መኖር አይቻልም። ኪራይ የሚረክሰውም አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ በማይደርስበት ነው፤ የረከሰበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በፈረንጆች 2024 ባወጣው ስሌት አዲስ መኪና ይዞ መንዳት በዓመት በአማካይ 12,297 ዶላር ያስወጣል። በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። ያገለገለ መኪና ከዚያ ያነሰ ይፈጃል፣ ግን ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክ፣ የሌለው አዲስ ሰው የመኪና ብድሩን በከፍተኛ ወለድ ነው የሚያገኘው፤ ኢንሹራንሱም የመንዳት ታሪክ ስለሌለው ይወደድበታል።

አንድ የመርሳ አባት ልጃቸው ከነሚስቱና ከሕፃን ልጁ ቪዛ ተመትቶለት ሊያማክሩኝ መጡ። የእህታቸው ልጅ ዳላስ አካባቢ ነው፤ የቤቱን ፎቶ ልኮ ኖሮ ስልኩን ፊቴ ደቀኑት። ሰፊ ሳሎን፣ ምንጣፍ፣ ከውጭ ገንዳ። «1,350 ነው አሉኝ። አንተ የምትላት ቨርጂኒያ 1,850 ነው አንዲት መኝታ። 500 ዶላር በየወሩ ወንዝ ይግባ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለእህትዎ ልጅ በዋትሳፕ ይደውሉለት፣ እኔ ልጠይቀው» አልኳቸው። ደወልን። የፓስፖርት ፎቶ ፖስታ ገልብጬ እርሳስ ያዝኩ። የመኪና ክፍያ? 410። ኢንሹራንስ? 230። ቤንዚን? ትንሽ አሰብ አደረገና 160 አለ። ሚስትህስ ትሠራለች? ዝም አለ። አንድ መኪና ነው ያላቸው፤ እሱ ማታ መጋዘን ይዞት ይሄዳል፣ ቀን ተኝቶ ይውላል ማለት ይቻላል፣ እሷ መንጃ ፈቃድ የላትም፣ ቅርቡ ሱቅ ደግሞ በእግር አይደረስም። ደመርኩት፤ 2,150 ሆነ። ፖስታውን ወደ ጋሼ አዞርኩላቸው። ቁጥሩን ደጋግመው አዩና «እና ቤቱን የሚከራየው መኪናው ነው በለኛ» አሉኝ። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ አሳጥሬው አላውቅም።

አሌክሳንድሪያ ዳሽ የሚባለው የከተማ አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ ያለ ክፍያ ነው የሚያሳፍረው። ሜትሮ ባቡርም አለ፤ ሬጋን ኤርፖርት ቅርብ ነው፤ እዚያ ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ የሐበሻ ሠራተኛ ሞልቷል። ልጃቸው በመጨረሻ ወደዚያው ሄደ። የገቡበት ቤዝመንት (ምድር ቤት) እርጥበት አለው፤ ምራታቸው እስካሁን በዚያ ታማርራለች፣ እኔንም ትወቅሰኛለች። ግን ሁለቱም ይሠራሉ።

ይህን ስል «ቨርጂኒያ ሂዱ» እያልኩ አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚያስወራብኝም አለ። ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ የሄደ የወልዲያ ልጅ አውቃለሁ፤ ኪራዩ ርካሽ፣ የሥጋ ፋብሪካው ቅርብ፣ የፈረቃ ጓደኛው በመኪናው ያደርሰዋል። እሱ ዘንድ ርካሹ በእርግጥ ርካሽ ነው። ዳላስም ቢሆን ሥራውና ቤቱ በአንድ መስመር ከገጠሙ ያዋጣል። ቺካጎ የሚገኝ የከተማ ጥናት ማዕከል የሚጠቀምበት ልክ አለ፦ ኪራይና ትራንስፖርት ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ እንዳያልፉ። ኪራይን ብቻ ይዞ 30 በመቶ የሚለው የቆየ ልክ መኪናውን ስለማይቆጥር ለእኛ ሰው አይበቃም።

ገቢም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ኪራይ ጠያቂው ይህን አይጠይቅም። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከፈረንጆች 2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው፤ ቴክሳስም የሚከተለው እሱኑ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.95 አድርጎታል። ዳላስ ያለ መጋዘን ከ7.25 በላይ እንደሚከፍል አውቃለሁ፣ አትጻፉልኝ። ግን አሠሪው የሚጀምርበት ወለል የት እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል።

ኪራዩን በብር የሚያባዛውም አለ። 1,800 ሲባል ስልኩን አውጥቶ ይመታና «ያረቢ!» ይላል። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ የሚወጣው ቁጥር ያስደነግጣል። ደመወዝህም በዶላር ነው የሚመጣው፣ አብሽር። በብር ማባዛት የሚያስፈልገው ይዘኸው የምትሄደው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው።

ሌላው ትልቁ፦ «ዘመድ ቤት እናርፋለን፣ ኪራይ አያሳስብም።» ወሎ ላይ ቤት ለእንግዳ አይጠብም፤ እንጀራው ይካፈላል፣ መደቡ ይነጠፋል፣ ስንት ቀን ትቆያለህ ብሎ የሚጠይቅ ነውረኛ ነው። እዚያ ግን የሚጠይቀው ዘመድህ ሳይሆን የፈረመው ሊዝ፣ ማለትም የኪራይ ውሉ፣ ነው። ብዙ አከራዮች በአንድ መኝታ ክፍል ሁለት ሰው የሚለውን ልክ ይከተላሉ፤ ብዙ ሊዝ ላይም ከሁለት ሳምንት ገደማ በላይ የሚቆይ እንግዳ እንዲመዘገብ ተጽፏል። አምስት ሆነው የአክስታቸው ልጅ ባለ አንድ መኝታ ውስጥ የገቡ የኮምቦልቻ ሰዎች ነበሩ። ጎረቤት የሕፃን ጩኸት ከሰሰ፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ የአክስታቸው ልጅም አብሯቸው ሊወጣ ደረሰ። ተቀያይመው ቀሩ፤ አሁን ለቅሶ ላይ እንኳ አይነጋገሩም። ዘመድ አስፈላጊ ነው፤ ልጅ ይይዝልሃል፣ ሥራ ያስገባሃል፣ ዋስ ይሆንልሃል። ዘመድ አጠገብ ኑር፤ ዘመድ ላይ ግን አትኑር። ካረፍክም ከመሄድህ በፊት በወር ስንት እንደምታዋጣና መቼ እንደምትወጣ ተነጋገር። ነውር አይደለም።

የመጀመሪያው ቤት አፓርታማ መሆን የለበትም። አፓርታማ አከራይ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ገቢ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ክሬዲት ይጠይቃል፤ አንተ ደግሞ ሶሻልህ (የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ካርድህ) እንኳ ገና በፖስታ አልደረሰም። ስለዚህ ሐበሻ ቤት አንድ ክፍል ወይም ቤዝመንት፣ በወር በወር፣ በደባልነት። ገንዘቡ የሚያልቀው ለዲፖዚት (ለመያዣ) ነውና እሱንም ጠይቅ። ቨርጂኒያ አከራዩ እስከ ሁለት ወር ኪራይ በመያዣነት እንዲወስድ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለአዲስ ሊዝ ከአንድ ወር በላይ አይፈቅድም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፤ የሥራ ገበያው አንድ ነው፣ መሐላቸው ወንዙና ዋሽንግተን ዲሲ ብቻ ናቸው። እጁ ላይ 4,000 ዶላር ለያዘ ሰው ይህቺ ልዩነት ትበላዋለች ወይም ታድነዋለች።

ልጅ ያለው ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት በመኖሪያ አድራሻ እንደሚመደብ ይወቅ። ቤት ስትመርጥ ትምህርት ቤትም እየመረጥክ ነው።

ካናዳና ጀርመን ለሚሄዱት ባጭሩ። ኦንታሪዮ ላይ አከራይ የመጨረሻውን ወር ኪራይ አስቀድሞ መቀበል ይችላል፣ ለብልሽት መያዣ ብሎ መውሰድ ግን አይፈቀድለትም። አልበርታ የክፍለ ሀገር የሽያጭ ታክስ የለም፤ ካልጋሪና ኤድመንተን የእኛ ሰው የሚበዛውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርመን ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያን አይጨምርም፤ መያዣው ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ በሦስት ጊዜ ከፍለህ መጨረስም መብትህ ነው። ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ለምትሄደው እህቴ ይህ ሁሉ አይመለከታትም፤ መኖሪያዋ አሠሪዋ ቤት ነው፣ የእሷ ጉዳይ ውሉ ላይ ነው፣ እሱን ለብቻው እጽፈዋለሁ።

እንግዲህ እኔ ዘንድ ከመምጣታችሁ በፊት እዚያ ያለውን ዘመድ ደውላችሁ ይህን ጠይቁ። ሥራ ያስገባኛል የምትለው ቦታ ስሙ ማን ነው፣ አድራሻውስ? ፈረቃው ስንት ሰዓት ይጀምራል? ከምታሳየኝ ቤት እዚያ ድረስ ስንት አውቶቡስ ነው? የመጀመሪያው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይነሳል፣ እሁድስ አለ? ኤርፖርት የሚሠራ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊገባ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ከሌለ አውቶቡስ አለ ማለት ዋጋ የለውም። መብራት፣ ጋዝና ውሃ ኪራዩ ውስጥ ናቸው? ሊዙ ላይ ስንት ሰው ተጽፏል? የራስህን መኪና በወር ስንት ታወጣበታለህ? ይህቺን መጨረሻ ላይ ጠይቁት፤ መጀመሪያ ከጠየቃችሁት ያኮርፋል። «ብቻ ኑ፣ እዚህ ይታያል» ካላችሁ ከተማ ከመምረጣችሁ በፊት ሌላ ዘመድ ፈልጉ።

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ኑ። ዓርብ ከሶላት በኋላ ነው የምከፍተው።