«ምላሱ ታስሮ ነው» እና ስለ ንግግር የምንሳሳታቸው ሌሎች ነገሮች

ስለ ንግግር ሲነሳ ምላስን ነው የምንጠራው። ልጅ ማውራት ቢዘገይ ምላሱ፣ ሰው ቢንተባተብ ምላሱ። ምላስ ግን ከሥራው ጥቂቱን ነው የሚሠራው። ትልቁ ሥራ ያለው ጆሮና አንጎል ውስጥ ነው። ይህን ካላወቅን መፍትሔውን ከሌለበት ቦታ እንፈልጋለን፤ የሚጎዱት ደግሞ ልጆችና ሕመምተኞች ናቸው። (ከታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ልጁ የማያወራው ምላሱ ታስሮ ነው»

ከምላስ ሥር ያለችው ቀጭን ሥጋ አጥራ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ጡት ለመጥባት ሊቸገሩ ይችላሉ፤ ያኔ ሐኪም አይቶ ሊቆርጣት ይችላል። ሁለት ዓመት ሞልቶት አንድም ቃል ያልተናገረ ልጅ ግን እሷ ስለተቆረጠች ብቻ ቃል አያወጣም። የአንዳንድ ፊደላትን አጠራር ብታከብድ እንኳ ልጁን ዝም አታሰኘውም። እንጥል ማስቆረጥማ ጭራሽ አይገናኝም፤ ትርፉ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ጆሮው ነው። «በር ሲዘጋ ይዞራል፤ ስለዚህ ይሰማል» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። በር ሲዘጋ የሚሰማው ወፍራም ድምፅ ነው። ስ፣ ሽ፣ ፍ ግን ቀጭን ድምፆች ናቸው፤ እነሱን ብቻ መስማት የሚያቅተው ልጅ አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲጠሩት ይዞራል፣ በሙዚቃም ይጨፍራል። ንግግር ግን ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው። የመስማት ምርመራ ለአራስ ሕፃን እንኳ ይሠራል። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እየተባለ ዓመት ባይቆጠር ደስ ይለኛል።

መስማት የተሳነው ሰው መናገሪያው የተበላሸ የሚመስላቸውም አሉ። ጉሮሮውም ምላሱም አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የሚከብደው ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ማውጣት ነው። የምልክት ቋንቋም በእጅ መጠቆም ማለት አይደለም። የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። በምልክት የሚግባባ ሰው የአንጎሉ ግራ ክፍል ሲጎዳ፣ የሌላው ሰው ንግግር እንደሚታወክ ሁሉ የእሱም ምልክት ይታወካል።

«ሁለት ቋንቋ ልጅን ያምታታል»

ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም ይህን ፈርተው ከልጆቻቸው ጋር አማርኛ ማውራት የተዉ ወላጆች አሉ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በ1984 ባሳተሙት ጥናት ከ6 እስከ 8 ወር ያሉ ሕፃናት ቤታቸው የማይነገሩ የሂንዲ ድምፆችን ሳይቀር ይለያሉ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን ይህ ችሎታ ይደክማል። ጆሯቸው ዘወትር ወደሚሰሙት ቋንቋ ያዘነብላል። እንግሊዝኛ ብቻ እየሰማ ያደገ ሰው «ተ»ን ከ«ጠ» ለመለየት ሊቸገር የሚችለው ለዚህ ነው። ልጁ ሁለቱን ቋንቋ ቢቀላቅል ያለውን ቃል ሁሉ እየተጠቀመ ነው እንጂ አልተምታታም። አማርኛውን አታቋርጡበት።

«ቃላት ተለያይተው ነው የምንሰማቸው»

ስንጽፍ እንለያያቸዋለን። ስንናገር ግን «ለሰው ሰጠ» የሚለው አንድ ላይ ነው የሚወጣው። ቀረጻው ኮምፒውተር ላይ ሲታይ በሁለቱ ቃላት መካከል ዝምታ የለም። ዝምታው ያለው «ሰጠ» ውስጥ ነው፤ «ጠ» ከመፈንዳቱ በፊት። ቃሉ የት እንዳለቀ የሚወስነው ቋንቋውን የሚያውቅ አንጎል ነው። የማናውቀው ቋንቋ ሁልጊዜ የፈጠነ የሚመስለንም ለዚህ ነው።

አንጎል የጎደለውንም ይሞላል። ሪቻርድ ዋረን በ1970 ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አንዱን ድምፅ ቆርጦ በሳል ተካው። ሰሚዎቹ ቃሉን ሙሉ ሆኖ ሰሙት። ሳሉ የቱ ጋ እንደገባም በትክክል መናገር አልቻሉም። ዓይንም የራሱ ድርሻ አለው። ሃሪ ማክጉርክና ጆን ማክዶናልድ በ1976 «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል አፍ ምስል ጋር ሲያጣምሩት ብዙዎች የሰሙት «ዳ»ን ነው።

«ድምፅ ሁሉ የሚወጣው ከሳንባ በሚመጣ አየር ነው»

አብዛኛው እንደዚያ ነው። አሁን ግን ትንፋሻችሁን ያዙና ቅ፣ ጥ፣ ጭ በሉ። ይወጣሉ! ጉሮሮ ተዘግቶ ከፍ ሲል አፍ ውስጥ የታመቀው አየር ነው የሚፈነዳው። እንዲህ ያሉ ድምፆች የእኛ ብቻ አይደሉም፤ ጆርጂያኛም፣ ሃውሳም፣ ፔሩ ውስጥ የሚነገረው የኩስኮ ኬችዋም አሏቸው።

«ስትሮክ መትቶት መናገር ያቃተው ሰው አእምሮውን ስቷል»

ይህኛው ከሁሉም ይከፋል። በ1861 ፓሪስ አጠገብ ባለው ቢሴትር ሆስፒታል ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንድ ሕመምተኛ አየ። ሰውየው «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ይህ ነው የሚባል ቃል አይወጣውም። የሚባለውን ግን አብዛኛውን ይረዳ ነበር። ሲሞት የአንጎሉ ግራ የፊት ክፍል ተጎድቶ ተገኘ። በ1874 ደግሞ ካርል ቬርኒከ ሌላ ዓይነት ጉዳት ገለጸ። እነዚህ ሕመምተኞች ሳይደናቀፉ ያወራሉ፤ ንግግራቸው ግን ትርጉም አይሰጥም፤ የሚባሉትንም በቅጡ አይረዱም። ሰፈሩ «አበደ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

አባት አልጋ ላይ ሆኖ ሁሉን እየሰማ፣ ልጆቹ ስለ እሱ እንደሌለ ሰው ሲያወሩ አስቡት። ስም ለመጥራት የሚያቅተው ሰው አባታችን ሆይን ሳያቋርጥ ሊደግም ወይም እስከ አሥር ሊቆጥር ይችላል፤ በቃል የተያዘና የተለመደ ነገር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። «እያስመሰለ ነው» አትበሉት። አጠር አድርጋችሁ፣ ፊቱን እያያችሁ፣ አዎ ወይም አይ ብሎ የሚመልሰውን ጠይቁት። ንግግር በድንገት ሲጠፋ ደግሞ ጸበሉም ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሆስፒታል። ስትሮኩ በረጋ ደም የመጣ ከሆነ ደሙን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው።

«የሚንተባተበው ስለሚፈራ ነው»

ፍርሃት ሊያባብሰው ይችላል፤ መነሻው ግን አይደለም። መንተባተብ በዘር ይወርዳል፤ አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድም ጋር ይያያዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ ልጆችም ይተዋቸዋል። ያው ሰው ሲዘፍን አብዛኛውን ጊዜ አይንተባተብም። ምላሱ ቢሆን ኖሮ ዘፈኑም ይቆራረጥ ነበር።

የሚንተባተበውን ሰው ቃሉን ከአፉ ለምን እንደምንነጥቀውም ይታወቃል። በጨዋታ መካከል አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። አንድ ቃል አስቦ ለማውጣት ግን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌላው ሳይጨርስ መልሳችንን ማዘጋጀት ጀምረናል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ለለመደ ሰው ሁለት ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው። ለሚንተባተበው ግን የሚፈልገው ያንን ያህል ነው፤ «ተረጋጋ» አትበሉት፣ ቃሉንም አትጨርሱለት።