ማሳ ምንድን ነው?

ሐረር ውስጥ አሮጌ ፔጆ ይዞ ኤሌትሪሻን ጋ የሄደ ሰው ይህችን ፍርድ ሳይሰማ አይቀርም፦ «አቦ፣ አምፖሉ ደህና ነው፤ ማሳ ነው ያጣው።»

የበቆሎ ማሳ አይደለም። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ከካቻቢቴ፣ ከኮፈንና ከፍሬቻ ጋር ጋራዥ ውስጥ የቀረ። እንግሊዞች ይህንኑ ነገር በቋንቋቸው «መሬት» ይሉታል። የእኛ ማሳም የሚታረስ መሬት ሆኖ መገኘቱ ግጥምጥሞሽ እንጂ ዝምድና አይደለም።

ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ተመልሶ ባትሪው ጋ መግባት አለበት። መሄጃው ሽቦ ነው፤ በፊውዝና በማብሪያው አልፎ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። መመለሻው ግን የመኪናው ቦዲ ራሱ ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ እሱ ላይ ታስሯልና። ማሳ የሚባለው ይኸው መመለሻ ነው። (አንዳንድ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ቦዲው የሚታሰረው ከፖዘቲቩ ጋር ነው። ሳያዩ የነካኩት ዕለት ጣጣ ነው።)

ፔጆ 404 መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በዚህ ዕድሜ ቆርቆሮው ስንቴ ተበይዷል፣ ስንቴ ስቱኮ ተለጥፎበታል፣ ስንቴስ ቀለም ተቀብቷል! ስቱኮና ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፤ ዝገትም ቢሆን እያነቀ ነው። አምሮበት ከቀለም ቤት የወጣ መኪና በዚያው ማታ የኋላ መብራት ቢያጣ አይግረማችሁ።

ሰው የሚሳሳተው ማሳ ሲጠፋ መብራቱ ድርግም የሚል ስለሚመስለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያብዳል እንጂ አይጠፋም፦ ፍሬን ሲረገጥ የኋላው መብራት ይደበዝዛል፣ ፍሬቻ ሲበራ ሌላው አምፖል አብሮ ይርገበገባል። ብዙ ጊዜ የኋላው አምፖል ሁለት ክር አለው፤ ለማታ 5 ዋት፣ ለፍሬን 21 ዋት። በአንዱ ክር የመጣው ኤሌክትሪክ መመለሻ ሲያጣ በሌላኛው ክር ሾልኮ፣ ማሳ ወዳለው ወደ ማዶው አምፖል ይዞራል። ጀጎል ውስጥ አንዱ ቀጭን መንገድ ቢዘጋበት በሌላው እንደሚያቋርጥ ሰው ማለት ነው። ዝገቱ ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን (ሬዚስታንሱ) አንድ ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ ከ12ቱ ቮልት 1.5 ያህሉን ይበላል። ደንገጎን ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ከኋላ ያለው አይሱዙ ፍሬን መያዛችሁን የሚያውቀው በዚያች 21 ዋት ነው።

ፈተናው ሽቦ ብቻ ይፈልጋል። መብራቱን አብርቶ፣ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ መያዣ ብረት ላይ ማስነካት። አምፖሉ ቦግ ካለ ጥፋተኛው ታወቀ። ቡሎኑን ፈትቶ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ አጥብቆ አስሮ፣ ከላይ ግራሶ መቀባት ነው። እኔ ግን የአሮጌ ቆርቆሮ ነገር አያስተማምነኝም፤ ከመያዣው አንድ ሽቦ አውጥቶ ንጹሕ ብረት ላይ ማሰር ይሻላል፤ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃዋል።

ፊውዝ እየደጋገመ የሚቃጠል ከሆነ ግን ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። የማሳ ማጣት ፊውዝ አያቃጥልም፤ የሚያቃጥለው መሄጃው ሽቦ ተልጦ አምፖሉ ጋ ሳይደርስ ቦዲውን ሲነካ ነው፤ ሾርት የምንለው። ያኔ ከሁሉ በፊት የኋላውን ዕቃ መጫኛ ምንጣፍ ገልጣችሁ እዩ፤ ስንት ዓመት ጫትና ሽንኩርት ሲጎተትበት የኖረ ሽቦ እዚያ ነው ያለው።