ኢፒኤስፒ ሲንቴዝ

ኢፒኤስፒ ሲንቴዝ ዕፅዋት፣ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች አሮማቲክ የሚባሉትን ሦስት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ጡቦች) ለመሥራት የሚያስፈልጋቸው የኢንዛይም ቤተሰብ ነው። ሦስቱ ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን ናቸው። ሰው ይህ ኢንዛይም የለውም። ፌኒልአላኒንንና ትሪፕቶፋንን ከሽሮው፣ ከእንቁላሉ፣ ከወተቱ ያገኛል። ታይሮሲንን ከፌኒልአላኒን ራሱ ይሠራል።

ሥራው የሺኪሜት መንገድ በሚባለው የሰባት ደረጃ ሂደት ውስጥ ስድስተኛው ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ሺኪሚ ከሚባል የጃፓን ዛፍ ነው። ኢንዛይሙ ሁለት ክንፍ አለው። ከቀደመው ደረጃ የሚመጣው ሺኪሜት-3-ፎስፌት ሲገባ ክንፎቹ እንደ መጽሐፍ ይከደናሉ። ከዚያ ፒኢፒ ከተባለው ሞለኪውል አንድ ቁራጭ ይቀጠልበታል፤ ፎስፌቱ ይወጣል። በፈንገሶች ዘንድ አንድ ረጅም ፕሮቲን ይህንን ጨምሮ አምስት ደረጃዎችን ብቻውን ይሠራል።

ኢንዛይሙን ዝነኛ ያደረገው ግን ግላይፎሴት ነው፤ የእኛም አገር ገበሬ ራውንዳፕ ብሎ የሚያውቀው ፀረ-አረም። ሞንሳንቶ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባልደረባ ጆን ፍራንዝ አረም ገዳይነቱን በ1970 እ.ኤ.አ. አገኘ፤ በ1974 ገበያ ወጣ። አረሙን የሚገድልበት መንገድ ከአሮማቲክ አሚኖ አሲዶች ጋር እንደሚያያዝ በ1972 ተጠርጥሮ ነበር። ትክክለኛው ዒላማ ግን የታወቀው በ1980 ነው፤ ሽታይንሩከንና አምራይን የተባሉ ጀርመናውያን ደረሱበት። ስድስት ዓመት ሙሉ የት እንደሚመታ በውል ሳይታወቅ ተሽጧል ማለት ነው! ግላይፎሴት የፒኢፒን ቦታ ይይዛል፤ የኢንዛይሙ ሥራ ይቆማል። የተረጨ አረም ወዲያው አይደርቅም። በቀናት ውስጥ ለጋው ጫፍ ይገረጣል፤ ቅጠሉ ውስጥ ሺኪሜት ይከማቻል፤ ከዚያ ተክሉ ይጠወልጋል።

በ1996 አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱን የሚቋቋም አኩሪ አተር ተዘራ። አኩሪ አተሩ የተጨመረለት የኢንዛይሙ ዘረ-መል የተወሰደው ሲፒ4 ከተባለ የአግሮባክቴሪየም ዝርያ ነው። የዚህ ባክቴሪያ ኢንዛይም ወሳኝ ቦታ ላይ በግላይሲን ፈንታ አላኒን አለ፤ ግላይፎሴቱ በደንብ አይገጥምለትም። አረሙም ዝም አላለም። በጆርጂያ ግዛት የአሉማ ዘመድ የሆነ አረም የራሱን ኢፒኤስፒ ሲንቴዝ ዘረ-መል ከ100 በላይ ቅጂ አባዝቶ ተገኝቷል። በእኔ እምነት ከኬሚካሉ ይልቅ የሚደንቀው ይሄ ነው።

የጤናው ክርክር አልተቋጨም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም» ሲለው፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አይመስለኝም ብሏል። «ሰው ኢንዛይሙ የለውም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያሳምንም፤ አንጀታችን ውስጥ ያሉ ብዙ ባክቴሪያዎች አላቸውና።

የወባ ተውሳክም የሺኪሜት መንገድ አለው። በ1998 በቤተ ሙከራ ግላይፎሴት እድገቱን እንደሚገታ ታይቷል።