ጮቄ ላይ ስንት በግ አለ? ስለ ቆጠራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎጃም ውስጥ ያለው የጮቄ ተራራ ከፍታው ከ4000 ሜትር ያልፋል። ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣርና ጅብራ የሚባለው ተክል ባለበት በዚያ ደጋ የየመንደሩ በግ፣ ከብትና ፈረስ ተቀላቅሎ ይግጣል። ግጦሹ ስንት እንስሳ ይችላል ከማለት በፊት ስንት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«አንድ በአንድ ካልተቆጠረ ቁጥር አይባልም»

በረት ውስጥ ልክ ነው። ሜዳ ላይ ግን ግማሹ ከጉብታ ጀርባ ይውላል፤ ጠዋት የተቆጠረው ከሰዓት ሌላ ቦታ ይደገማል። 70 ሚሊዮን ገደማ የሚባለው የአገሪቱ የከብት ቁጥር እንኳ የመጣው ናሙና ቤተሰቦችን በመጠየቅ ነው።

«ባለቤቱን መጠየቅ ይበቃል»

ባለቤት ግብር ይመጣል ብሎ ከሰጋ ይቀንሳል፤ መኖ ይታደላል ከተባለ ይጨምራል። ከሜዳ ቆጠራ ጋር መመሳከር አለበት።

«ናሙና ማለት መንገድ ዳር የታየውን ቆጥሮ ማባዛት ነው»

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ብዙ ቁጥር የሚበላሸው እዚህ ነውና። መንገድ ዳር ያለው ግጦሽም መንጋም ከሌላው ቦታ ይለያል። ስለዚህ የሚኬድበት መስመር ካርታ ላይ በዕጣ ይወጣል። ገደልም ይሁን ረግረግ፣ የሚቻለውን ያህል በዚያው ይኬዳል። ቆጣሪው እንስሳ ባየ ቁጥር ከመስመሩ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይመዘግባል። አጠገብ ያለ በግ አያመልጥም፤ 200 ሜትር ላይ ጓሳ ውስጥ የተኛው ግን ያመልጣል። ርቀቱ ሲጨምር የሚታየው በምን ያህል እንደሚቀንስ ከመዝገቡ ስለሚወጣ፣ ያልታየው ይሰላል። ርቀቱ የሚለካው እንስሳው መጀመሪያ ከታየበት ቦታ ነው። ደንብሮ ከሸሸ በኋላ ከተለካ ግምቱ ያንሳል።

«ምልክት የሚደረገው የማን እንደሆነ ለመለየት ብቻ ነው»

ለቆጠራም ይሆናል። የ40 በጎች ጀርባ ቀለም ተቀባ እንበል። ከመንጋው ከተቀላቀሉ በኋላ ሌላ ቀን 50 በጎች ታዩ፤ ቀለም ያለባቸው 10 ናቸው። ከታዩት ከአምስቱ አንዱ የተቀባ ከሆነ፣ መንጋው በሙሉ 200 ገደማ ነው ማለት ነው። ቀለሙን ዝናብ ካጠበው ወይም የተቀቡት ለብቻቸው ከዋሉ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። በመሃል ፋሲካ ደርሶ የተወሰኑት ገበያ ከወጡም እንዲሁ።

«ድሮን ካለ ሌላው አያስፈልግም»

የክረምት ጉም ድሮንን ዓይኑን ይይዘዋል። ጫካ ውስጥ ያለ ድኩላም ከላይ አይታይም። ለእሱ በጠጡን መቁጠር ይሻላል፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጥልና በጠጡ ስንት ቀን ሳይጠፋ እንደሚቆይ እስከታወቀ ድረስ።

«ግምት ስለሆነ አይታመንም»

ጥሩ ግምት የስህተቱን ስፋት አብሮ ይናገራል። ከላይ ባለው ምሳሌ የተቀቡት የታዩት 10 ብቻ ስለሆኑ፣ እውነተኛው ቁጥር 130ም 300ም ሊሆን ይችላል። «200» ብሎ ብቻ የሚያቀርብ ሪፖርት ይህን ይደብቃል። ዓመት ከዓመት ለማወዳደር ደግሞ ዘዴውም ወቅቱም አንድ ይሁን። አምና ጥቅምት በእግር፣ ዘንድሮ ሚያዝያ በድሮን ቆጥሮ «መንጋው ጨመረ» ማለት አይቻልም።