ማይክሮዌቭ የውሃን ኬሚካል ይቀይራል ለሚሉን

በውሃ ምርመራ ላብራቶሪ እንደምሠራ የሚያውቁ ዘመዶቼ በየበዓሉ «በማይክሮዌቭ የፈላ ውሃ መርዝ አይሆንም ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይዘው ይጠብቁኛል፤ ጥያቄ ይሉታል እንጂ መልሱን አስቀድመው ወስነዋል። ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ስልካቸውን አውጥተው የሁለት አበባ ማሰሮዎች ፎቶ አሳዩኝ። በቡታጋዝ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ የጠጣው ለምልሟል፣ በማይክሮዌቭ የፈላ ውሃ የጠጣው ደርቋል። አንድ ማሰሮን ከአንድ ማሰሮ ጋር ማወዳደር ሙከራ እንደማይባል፣ የትኛው ፀሐይ እንዳገኘና የትኛው ውሃ እንደተረሳ ከፎቶ እንደማይታወቅ ባስረዳም የሰማኝ የለም። ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸው ማይክሮዌቭ ዛሬም የዳቦ ማስቀመጫ ነው።

የፍርሃቱ ሥር ቃሉ ይመስለኛል። በአማርኛ የራጅም፣ የኑክሌርም፣ የካንሰር ሕክምናውም፣ የማይክሮዌቩም ነገር በአንድነት «ጨረር» ይባላል፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ግብሩም አንድ ይመስላል። የቤት ማይክሮዌቭ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ (በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ንዝረት) ሲሆን የአንዱ ፎቶን፣ ማለትም የአንዷ የጨረር ቅንጣት፣ ጉልበት 0.00001 ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ) ገደማ ነው። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ሃይድሮጂንን ከኦክስጅን ያያያዘውን ትስስር ለመበጠስ ግን 5 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ 500,000 እጥፍ ነው። በዚህ ስሌት የሻማ ብርሃን ፎቶን እንኳ ከማይክሮዌቩ ከ100,000 እጥፍ በላይ ብርቱ ነው፤ ሆኖም ሻማ አጠገብ የተቀመጠ ውሃ ተመርዟል ሲል የሰማሁት ሰው የለም።

ታዲያ ውሃው የሚሞቀው እንዴት ነው? የውሃ ሞለኪውል አንዱ ወገኑ ጥቂት አዎንታዊ፣ ሌላው ጥቂት አሉታዊ ነው። በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ መስክ ሞለኪውሎቹን ወዲያና ወዲህ ሲያዞራቸው እርስ በርስ ይጋፋሉ፤ ግፊያው ሙቀት ይሆናል፣ ሥራውም በዚሁ ያበቃል። ውሃን በሙቀት ብቻ ለመበታተን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል፤ በ2,200 ዲግሪ እንኳ የሚፈርሰው ከ100 ሞለኪውል 3 ያህሉ ነው። ቢፈርስ ደግሞ የሚወጣው መርዝ ሳይሆን ክብሪት ሲነካው የሚፈነዳ የሃይድሮጂንና የኦክስጅን ድብልቅ በሆነ ነበር። ማይክሮዌቭ ያለበት የመሥሪያ ቤታችን ሻይ ክፍል እስካሁን እንደቆመ ነው።

ውሃ ሲፈላ ምንም አይለወጥም አልልም። የሟሟው አየር ይወጣል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፤ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው የካልሲየም ባይካርቦኔት በሙቀት ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ሲለወጥ የሚቀር ነው። ይህን የሚያደርገው ሙቀት በመሆኑ በከሰልም፣ በቡታጋዝም፣ በማይክሮዌቭም ያው ነው።

«ጨረሩ ውሃው ውስጥ ይቀራል» ለሚሉት፣ አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል ወይ? «የውሃው መዋቅር ይፈርሳል» የሚሉም አሉ፤ አንዱን ሞለኪውል ከሌላው የሚያያይዘው ደካማው የሃይድሮጂን ትስስር (ሞለኪውሉን ራሱን ካያያዘው ከቅድሙ ትስስር የተለየ ነው) በእንስራ ውስጥ በተቀመጠ ቀዝቃዛ ውሃም ቢሆን በሰከንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ እየተበጠሰ እንደገና የሚያያዝ ነው።

ማይክሮዌቭ አደጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ እኔው ቀምሼዋለሁ። አንድ ጠዋት ግድግዳው ልሙጥ በሆነ ብርጭቆ ውሃ አሞቅኩ፣ ስልክ ተደውሎልኝ ረሳሁት፣ ተመልሼም ደግሜ አሞቅኩት። አንድም አረፋ ስላልነበረው ያልፈላ መስሎኝ ኔስካፌ ጨመርኩበት፤ ውሃው ባንድ ጊዜ ገንፍሎ ግማሹ እጄ ላይ ፈሰሰ። አረፋ ለመፈጠር ሻካራ ቦታ ወይም የታመቀ አየር ይፈልጋል። ልሙጥ ብርጭቆ ውስጥ፣ በተለይ ቀድሞ ፈልቶ አየሩ የወጣለት ውሃ፣ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ የሆነውን የመፍያ ልኩን አልፎ ጸጥ ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ ዱቄት ሲነካው ያን ጊዜ ይፈነዳል። ስለዚህ ከማሞቅዎ በፊት የእንጨት ማንኪያ ይክተቱበት፤ ሲጨርስም አንድ ደቂቃ ያህል ሳይነኩት ያቆዩት። የሃይላንድ ጠርሙስ ደግሞ ጨርሶ አያስገቡ፤ ፕላስቲኩ ከ70 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ ከዕቃው ወደ ውሃው የሚገባ ነገር ካለም በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው የፋሲካ ዕለት ከአክስቴ ጋር ሆነው ማይክሮዌቭን ሲያወግዙ የነበሩ አንድ የመቂ ዘመዳችን፣ የጉድጓድ ውሃቸው ፍሎራይድ ስላለበት ለልጅ ልጆቻቸው «በደንብ እያፈሉ» እንደሚሰጡ በኩራት ነገሩኝ። ራሴን የያዝኩት ያን ጊዜ ነው። ፍሎራይድ ውሃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን እንጂ ጀርም አይደለም፣ በመፍላት አይሞትም፣ ከእንፋሎቱ ጋርም አይወጣም። በሊትር 3 ሚሊግራም ያለበት ውሃ ግማሹ እስኪተን ቢፈላ የቀረው 6 ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ልጆች ጥርሳቸው የሚበልዘው በዚሁ ፍሎራይድ ነው። ለእርሳቸው የሚያስፈልገው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ወይም ፍሎራይዱ ዝቅተኛ የሆነ ሌላ ውሃ ነበር። ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ውሃው ማይክሮዌቭ ውስጥ ባይገባ ይሻላል ወይ ብለው ጠየቁኝ።